የተቃጠለው ማሊያና ከ40 ዓመት በኋላ የመጣው መልስ

የአርሴናል ደጋፊ የሆነ ሁሉ 49 የምትለዋን ቁጥር በቃሉ ያውቃታል። የአርሰን ቬንገር ልጆች እ.ኤ.አ ከ2003 እስከ 2004 በሊጉ ሳይሸነፉ የተጓዙበት የጨዋታ ብዛት ነው። ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ 2ለ0 ረትቶ እስኪያቆማቸው ድረስ የኳስ አፍቃሪው ወሬ ሁሉ እሱ ነበር። ታዲያ ከ49ኙ ጨዋታዎች 13ቱ በአቻ ውጤት የተጠናቀቁ ናቸው።

ከቬንገር 30 ዓመት ቀድማ አንዲት ከ60 ዓመት በላይ የሆናት አሰልጣኝ ቡድኗን በተከታታይ 51 ጨዋታ መርታለች። ሽንፈት የለም፣ አቻም የለም። 51ዱም ድል ነው። ስሟ ማርጋሬት ዌድ ይባላል፤ ስፖርቱም የሴቶች ቅርጫት ኳስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ለምርጥ የኮሌጅ ሴት ተጫዋች የሚሰጠው ዋንጫ በእሷ ስም ነው የሚጠራው። የዚህች ሴት ታሪክ ግን የሚጀምረው በዋንጫ አይደለም። የሚጀምረው በእሳት ነው፤ ተጫዋቾች በገዛ እጃቸው ማሊያቸውን ካቃጠሉበት እሳት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥጥ አገር ልጅ

ማርጋሬት ዌድ የተወለደችው ታህሳስ 30 ቀን 1912 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት ሚሲሲፒ፣ ማክኩል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያደገችውና አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው ግን ክሊቭላንድ ውስጥ ነበር። ክሊቭላንድ ሲባል ሌብሮን ጄምስ የነገሠባት ትልቋ የኦሃዮ ከተማ እንዳትመስላችሁ። የሚሲሲፒዋ ክሊቭላንድ በጥጥ ማሳ የተከበበች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት።

ለደብረ ማርቆስ ልጅ እንዲህ ያለችውን ከተማ በዓይነ ህሊናው ማየት አይከብደውም። ደብረ ማርቆስ በጎጃም ደጋ፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ መሃል የተቆረቆረች ናት። ገበሬው ለገበያ ይመጣባታል፣ የገጠሩ ልጅ ለትምህርት ቤት ተከራይቶ ይቀመጥባታል። ክሊቭላንድም በመጠን ከደብረ ማርቆስ ብታንስም የዚያ ዓይነት ከተማ ነበረች፤ ልዩነቱ አየሩ ሞቃት፣ መሬቱ ሜዳ፣ እህሉም ጥጥ መሆኑ ነው። ሁለቱንም ከተሞች የሚያመሳስላቸው ሌላም ነገር አለ። እንደ ደብረ ማርቆስ ሁሉ ክሊቭላንድም የመምህራን ኮሌጅ ያላት ከተማ ነበረች። ኮሌጁ በ1924 የተመሠረተው የዴልታ ስቴት የመምህራን ኮሌጅ ነው። የማርጋሬት ዌድ ሕይወት ከዚህ ኮሌጅ ጋር እስከ መጨረሻው ተሳስሮ ኖሯል።

ማርጋሬት ቅርጫት ኳስን የጀመረችው በክሊቭላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ጥሩ ተጫዋች ነበረች። ወደ ዴልታ ስቴት ስትገባም ወዲያው ቡድኑን ተቀላቀለች፤ አምበልም ሆነች። ያኔ የሴቶች ጨዋታ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ዓይነት አልነበረም። ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሴት ልጅ እንዳትሮጥ የተሠመረ መስመር

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። ጊዜው ታህሳስ 1891፣ ቦታው ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ። ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ሲያጣ የኮክ መያዣ ቅርጫት በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኳስ እንዲጥሉበት አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ስፕሪንግፊልድ አቅራቢያ በሚገኘው ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ የምታስተምር ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ጨዋታውን ለተማሪዎቿ አመጣችው። መጋቢት 1893 የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ተጋጠሙ። ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር።

ቤረንሰን ጨዋታውን ለሴቶች አመቻቸሁ ብላ ሕጉን ለወጠችው። ሜዳውን በመስመር ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ ተጫዋች ከተመደበችበት ክልል እንዳትወጣ ተደረገ። ከተጋጣሚ እጅ ኳስ መንጠቅ ተከለከለ። ኳስ ማንጠር ተገደበ። ምክንያቱ ደግሞ የዘመኑ እምነት ነው፤ ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች፣ ልቧ አይችለውም፣ ጨዋነቷም ይበላሻል የሚል። በኋላም ሕጉ እየተሻሻለ ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ፣ በየቡድኑ 6 ተጫዋች ሆኖ፣ 3 አጥቂዎች በአንዱ ግማሽ፣ 3 ተከላካዮች በሌላው ግማሽ ታጥረው መጫወት ጀመሩ። አጥቂዋ አትከላከልም፣ ተከላካይዋ ነጥብ አታስቆጥርም። ማርጋሬት ዌድ ያደገችው በዚህ ጨዋታ ነው።

መስመሩም ለአንዳንዶች አልበቃም። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ውድድር ጭራሽ ይቅር የሚል ዘመቻ በረታ። በተለይ በየኮሌጁ የሚያስተምሩ የሴቶች ስፖርት ኃላፊዎች ሳይቀሩ ሴት ልጅ ለጤናዋና ለደስታዋ ትጫወት እንጂ ለዋንጫ አትፎካከር አሉ። ብዙ ኮሌጆች ቡድናቸውን ዘጉ።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እግር ኳስ ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ታህሳስ 26 ቀን 1920 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ዲክ ከር የተባለው የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53 ሺህ ተመልካች ገብቷል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ምን አደረገ? ገና ዓመት ሳይሞላ ታህሳስ 1921 ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ አገደ። እገዳው እስኪነሳ 50 ዓመት ፈጅቷል። ስታዲየም የሞላውን ጨዋታ ለሴት ልጅ አይመችም ብለው ነው የዘጉት።

ማሊያው ሲቃጠል

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተራው የዴልታ ስቴት ሆነ። ማርጋሬት የመጨረሻ ዓመት ትምህርቷን ለመጫወት ስትጠባበቅ ኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑን አፈረሰ። የተሰጠው ምክንያት ጨዋታው ለወጣት ሴቶች ከአቅም በላይ አድካሚ ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ቡድኑ ስለተሸነፈ አይደለም። አሸናፊ ቡድን ነበር። አምበሏም ለመጫወት ዝግጁ ነበረች። ከመካከላቸው ደከመኝ ያለ የለም።

ልጆቹ ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም። ሰልፍ የለ፣ ክስ የለ። አንድ ነገር ግን አደረጉ፤ ማሊያቸውን ሰብስበው በእሳት አቃጠሉት። ተቃውሟቸውን የገለጹት በዚህ ነበር። ለአንድ ተጫዋች ማሊያ ምን ማለት እንደሆነ ለኳስ አፍቃሪ መንገር አያስፈልግም። ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ሳይሆን፣ የሚለብሰው ሰው ከእንግዲህ አይኖርም ስለተባለ ነው ያቃጠሉት።

ማርጋሬት ከኮሌጁ ከተመረቀች በኋላ ኳሱን አልተወችም። ቱፔሎ ሬድ ዊንግስ ለሚባል በከፊል ፕሮፌሽናል ለሆነ ቡድን ፈረመች። ቱፔሎ በ1935 ኤልቪስ ፕሪስሊ የተወለደባት ከተማ ናት። እዚያም አምበል ሆና ሁለት ዓመት ተጫወተች። ከዚያ ጉልበቷ ተጎዳ። ያኔ የጉልበት ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ዕድሉ አንድ ብቻ ነበር፤ ጫማውን መስቀል። ማርጋሬትም ጫማዋን ሰቀለች። የተጫዋችነት ታሪኳ ገና በ20ዎቹ ዕድሜዋ አበቃ፤ ግማሹን ኮሌጁ፣ ግማሹን ጉልበቷ ወሰደባት።

19 ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት

ከዚህ በኋላ የመጣችው ማርጋሬት ዌድ መምህርት ናት። በሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ከሠራች በኋላ በ1935 ራሷ ወደ ተማረችበት የክሊቭላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ለ19 ዓመት የሴት ልጆቹን ቡድን አሰለጠነች። ውጤቷ 453 ድል፣ 89 ሽንፈትና 6 አቻ ነው። ከመቶ ጨዋታ 82 ያህሉን ማሸነፍ ማለት ነው።

እነዚህ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን አልታዩም። ተመልካቹ የተማሪ ወላጅ፣ የሰፈር ሰው፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ነበሩ። በየወቅቱ ልጆቹ ይመረቃሉ፣ ያገባሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሷ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። የክለብ አሰልጣኝ ተጫዋች ሲያጣ ይገዛል። የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ግን ያለው መግቢያ በሩን አልፎ የመጣው ልጅ ብቻ ነው። ይህን የትኛውም የስፖርት መምህር ያውቀዋል፤ ደብረ ማርቆስም ይሁን ደጀን፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቢቸና።

እዚህ ላይ መደበቅ የሌለበት አንድ እውነት አለ። የክሊቭላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን የነጮች ብቻ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል አይማርም፣ በአንድ ቡድንም አይጫወትም። የጥቁሮቹ ልጆች ትምህርት ቤት ለብቻው ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ነው። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ የጥቁሩና የነጩ ሁለተኛ ደረጃ እንዲዋሃዱ የታዘዘው በ2016 ነው። አዎ፣ በ2016! ስለዚህ በ453ቱ ድሎች ውስጥ አንዲትም ጥቁር ልጅ ለማርጋሬት ዌድ ቡድን አልተሰለፈችም። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው በኋላ የመጣውን ለመረዳት ነው።

በ1959 ማርጋሬት በዴልታ ስቴት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆና ተቀጠረች። ቡድኗን ወዳፈረሰው ኮሌጅ ተመለሰች ማለት ነው። የሴቶች ቡድን ግን አሁንም የለም። ማሊያው ከተቃጠለ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እሷም ክፍሏን እያስተማረች ተቀመጠች።

በ60 ዓመት አዲስ ሥራ

በ1972 የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ሴትና ወንድ ተማሪን እንዳያበላልጥ የሚያዝ ነው። ታይትል ናይን ይባላል። ሕጉ ስለ ስፖርት ለይቶ ባይጽፍም ስፖርቱን ግን ገለባበጠው። ኮሌጆች ለሴቶች ቡድን መክፈት ጀመሩ። ከዚያ ቀደም በ1971 ደግሞ የሴቶች ጨዋታ ሕግ ተለውጦ በመስመር መታጠሩ ቀርቷል፤ 5 ተጫዋች ሆነው ሙሉ ሜዳ መሮጥ ተፈቀደላቸው።

ዴልታ ስቴትም በ1973 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑን መልሶ አቋቋመ። ማን ያሰልጥን? የተመረጠችው ማርጋሬት ዌድ ናት። ዕድሜዋ 60 ሆኗል። ሌላው ሰው ጡረታውን የሚያስብበት ጊዜ ነው። ያሰለጠነችበት የድሮው ጨዋታም ተለውጧል፤ ግማሽ ሜዳ ላይ ታጥሮ የሚጫወት አጥቂና ተከላካይ የለም፣ ሁሉም ያጠቃል ሁሉም ይከላከላል። ለእሷ ከሞላ ጎደል አዲስ ስፖርት ነበር። እሺ አለች።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት 16 ድልና 2 ሽንፈት ሆነ። ለ40 ዓመት ላልነበረ ቡድን ይህ ቀላል አይደለም። ግን ገና ምን ታየና።

ሉሲ

የዴልታ ስቴት ትልቁ መሣሪያ ሉሲያ ሃሪስ የምትባል ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ ሉሲ ይሏታል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ91 ነው። የተወለደችው የካቲት 1955 ሚንተር ሲቲ በምትባል የሚሲሲፒ መንደር፣ የሰው መሬት ከሚያርሱ ጥቁር ወላጆች ነው። ለቤተሰቡ 10ኛ ልጅ ናት። ጥጥ እየለቀመች ነው ያደገችው። በተወለደችበት ዓመት ነሐሴ ላይ እዚያው አካባቢ ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ አንዲት ነጭ ሴት ተናግሯል ተብሎ በነጮች ተገድሏል። አገሩ ይህ ነበር።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ዴልታ ስቴት ገብታ በነጮች ብቻ በተሞላ ቡድን ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ተጫዋች የሆነችው። አሰልጣኟ ደግሞ የነጮች ብቻ በሆነ ትምህርት ቤት 19 ዓመት ያሰለጠነች የ60 ዓመት ሴት ናት። ይሠራል ብሎ የሚወራረድ ሰው ብዙ አይገኝም ነበር። ግን ሠራ። ዌድ አጨዋወቷን በሙሉ በሉሲ ዙሪያ አዋቀረችው። ኳሱ ከቅርጫቱ ሥር ለሉሲ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት የለም። በአራት ዓመት ውስጥ 2,981 ነጥብ አስቆጠረች፤ በጨዋታ በአማካይ 25.9 ማለት ነው። ከቅርጫት የተመለሰ ኳስ በመያዝም በጨዋታ በአማካይ 14.5 ነበራት።

ኳሱን ወደ ሉሲ ከሚያደርሱት አንዷ ደግሞ ዴቢ ብሮክ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ብቻ! አንዷ ግንብ፣ አንዷ ጠብታ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዴቢ ከሉሲ ትከሻ በታች ናት። ቁመት ለሚጠይቅ ስፖርት 1.50 የሆነች ልጅን መሃል ሜዳ ላይ የቡድኑ መሪ ማድረግ የአሰልጣኝ ዓይን ይጠይቃል። ዌድ ያ ዓይን ነበራት።

28ለ0

በዚያ ዘመን የሴቶቹ ጨዋታ ንግሥት ኢማኩላታ የምትባል ኮሌጅ ነበረች። ፊላደልፊያ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ነበረች። በ1972፣ 1973 እና 1974 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዳለች። አሰልጣኟ ካቲ ረሽ ወጣት ናት። ደጋፊዎቿ ደግሞ መነኮሳት ናቸው፤ ቆባቸውን እንደደፉ ስታዲየም ገብተው ባልዲ እየደበደቡ ይጨፍራሉ። ጎጃም የገዳም አገር ነውና አንባቢ ይህን በዓይነ ህሊናው ሲያየው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በ1974/75 የውድድር ዘመን ዴልታ ስቴት ያገኘውን ሁሉ እያሸነፈ ፍፃሜ ደረሰ። እዚያ የጠበቀችው ኢማኩላታ ናት። የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኗ፣ ገና ከተቋቋመ ሁለተኛ ዓመቱን ከያዘ የገጠር ኮሌጅ ቡድን ጋር። ዴልታ ስቴት 90ለ81 አሸነፈ። ሉሲ 32 ነጥብ አስቆጠረች። የዓመቱ ውጤት 28 ጨዋታ፣ 28 ድል ሆነ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም አይደለም ዋንጫውን የወሰደው፤ የጥጥ ማሳ መሃል ያለው ዴልታ ስቴት ነው።

በቀጣዩ ዓመትም ሁለቱ ፍፃሜ ላይ ተገናኙ። አሁንም ዴልታ ስቴት 69ለ64 አሸነፈ። በ1977 ደግሞ ሉዊዚያና ስቴትን 68ለ55 ረትቶ ሦስተኛውን ዋንጫ ደገመ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ያደረገው 97 ጨዋታ ነው፤ ያሸነፈው 93፣ የተሸነፈው 4 ብቻ። 51ዱ ተከታታይ ድልም የዚህ ዘመን ነው። በእግር ኳስ ቋንቋ ካስቀመጥነው፣ ከታችኛው ሊግ የመጣ ቡድን በሁለተኛ ዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ አንስቶ ሦስት ጊዜ ሲደጋግመው ማለት ነው።

ጨዋታው ከሚሲሲፒም ወጣ። በ1976 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ። ቦታው ሞንትሪያል ነው። ሞንትሪያል ለኢትዮጵያዊ አፍቃሪ መራራ ትዝታ ናት፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው የወጡበት፣ ምሩፅ ይፍጠርም ሳይሮጥ የቀረበት ኦሊምፒክ ነው። እዚያ መድረክ ላይ በኦሊምፒክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቆጠረችው የማርጋሬት ዌድ ተጫዋች ሉሲያ ሃሪስ ናት። አሜሪካ በሶቪየት ኅብረት ተበልጣ የብር ሜዳሊያ አገኘች። በ1977 ደግሞ ሉሲ በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በአንድ ጨዋታ 47 ነጥብ አስቆጠረች። በዚያው ዓመት የኒው ኦርሊንስ ጃዝ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድን በ7ኛ ዙር መረጣት፤ እሷ ግን ነፍሰ ጡር ነበረችና አልሄደችም።

ሉሲና ጓደኞቿ ከተመረቁ በኋላም ዌድ ሁለት ዓመት አሰለጠነች። በ1979 በ66 ዓመቷ ስታቆም የስድስት ዓመት የዴልታ ስቴት ውጤቷ 157 ድልና 23 ሽንፈት ሆኖ ተመዘገበ።

ስሟ ዋንጫ ሲሆን

ገና ሥራ ላይ እያለች ነው ክብሩ የመጣው። በ1978 የአሜሪካ ምርጥ ሴት የኮሌጅ ተጫዋች የምትሸለምበት ዋንጫ ሲዘጋጅ ማርጋሬት ዌድ ትሮፊ ተባለ። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ካሮል ብላዜጆውስኪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ናንሲ ሊበርማን፣ ሼሪል ሚለር፣ ሱ በርድ የመሳሰሉ ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች ይህን ዋንጫ አንስተዋል። ጨዋታው ለሴት ያደክማል ተብላ ከሜዳ የተባረረች ልጅ፣ ስሟ የአገሪቱ ጎበዝ ሴት ተጫዋቾች የሚሻሙበት ዋንጫ ሆነ።

በ1985 ደግሞ ትልቁ ክብር መጣ። ስፕሪንግፊልድ የሚገኘው በኔይስሚዝ ስም የተሰየመው የቅርጫት ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ከ1959 ጀምሮ ስመ ጥር ሰዎችን ሲመዘግብ ቆይቷል። ለ26 ዓመት ግን አንዲትም ሴት አልገባችም። በ1985 በሩ ሲከፈት ሦስት ሴቶች አብረው ገቡ። አንዷ በ1954 ያረፈችው ሴንዳ ቤረንሰን ናት፤ ጨዋታውን ለሴቶች ያመጣችው። ሁለተኛዋ በርታ ቲግ ናት። ቲግ በኦክላሆማ፣ ባይንግ በምትባል ትንሽ ቦታ ከ1927 እስከ 1969 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሰልጥና 1,157 ጨዋታ አሸንፋ 115 ብቻ የተሸነፈች ሴት ናት። ሦስተኛዋ ማርጋሬት ዌድ።

ሦስቱም መምህራን ናቸው። አንዳቸውም የሀብታም ክለብ አሰልጣኝ አልነበሩም። ሦስቱም ደሞዛቸው የትምህርት ቤት ነው፣ ሜዳቸው የትምህርት ቤት ነው፣ ተጫዋቾቻቸውም ተማሪዎች ናቸው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሜሪካ ውስጥ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ሉሲያ ሃሪስም በ1992 እዚያው አዳራሽ ገባች፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና።

ማርጋሬት ዌድ የካቲት 1995 በ82 ዓመቷ አረፈች። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የአሜሪካ ሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1997 ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ቀድማ ሄደች። ሉሲ ረዘም ያለ ዕድሜ አግኝታ ጥር 2022 ነው ያረፈችው። ከሁለት ወር በኋላ ስለ እሷ የተሠራው የቅርጫት ኳስ ንግሥት የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም ኦስካር አሸነፈ።

ዴልታ ስቴት ማሊያ ካቃጠሉት ልጆች በኋላ 40 ዓመት ያህል ዝም ብሏል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሉሲ፣ ስንት ዴቢ ብሮክ በዚያ ኮሌጅ በር ገብተው ሳይጫወቱ እንደወጡ የሚቆጥር መዝገብ የለም። የተቆጠረው ከተከፈተ በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት፣ 157 ድል፣ ሦስት ዋንጫ። ኳስ የሚወዱ ሴት ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ከሚሲሲፒ እስከ ጎጃም፣ ይህ ቁጥር የሚናገረው ነገር አለ። ለሴት ልጅ ይከብዳል የተባለው ጨዋታ ከብዶ አያውቅም። የከበደው ሜዳው መዘጋቱ ነበር።